በጀልባ ሞተሩ ላይ ያለው የመዶሻ ምልክት

ሰኞ

ያን መዶሻ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ካሳሁን አይደለም።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ በአፌም በእጄም ያላወጣሁት ነገር ነው። ለአስካለ እንኳ አልነገርኳትም፤ ባለቤቴ ናት፣ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ጽፌ ስጨርስ ደብተሩን የት ልደብቀው ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ቤዝመንት ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ከማን ነው የምደብቀው?

ዛሬ ያስጻፈኝ የጋሽ መስፍን ስልክ ነው። የአስካለ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ እኔ ካለሁበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቁ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ከልጄ ከሳምሪ ሌላ እዚህ አገር ያሉኝ ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቤታቸውን ሸጠው አፓርትመንት ሊገቡ ነው።

"ጋራዡን እያጸዳሁ ነው" አሉኝ። "ጀልባውን የሚፈልግ አላጣም። ያን የሞተ ሞተር ግን ወይ አንተ ውሰደው፣ ወይ ለቆሻሻ መኪና ላውጣው።"

"እወስደዋለሁ" አልኩ፣ ሳላስበው።

"ምን ሊያደርግልህ?"

"እስቲ ልየው።"

"ስድስት ዓመት ሳታየው ቆይተህ ዛሬ!" ብለው ሳቁ። እኔን መካኒክ ነው ብለው ያምናሉ። ሳቃቸው ወጋኝ።

ነገሩን አንድ ጊዜ በቅጡ ልጻፈው። ያኔ ጋሽ መስፍን፣ ካሳሁንና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በጋሽ መስፍን ጀልባ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ዓሣ እናጠምድ ነበር። ካሳሁን በዕድሜ ከእኛ ያንሳል፣ ውድብሪጅ ነው የሚኖረው፣ አውቶቡስ ይነዳል፣ ቸርቻችን አንድ ነው። አንድ ቅዳሜ ሞተሩ አልነሣ ብሎ አስቸገረን፣ በስንት ጉተታ ተነሣ። እኔ ደግሞ አገር ቤት ጋራዥ ነበርኩ ብዬ አውርቻለሁ። ውሸት አይደለም፣ ጋራዥ ነበርኩ። ግን ጎሚስታ ነበርኩ፤ ጎማ ፈትቼ ጎማ የምለጥፍ። ሞተር ውስጥ እጄን አስገብቼ አላውቅም። አስካለ ለሰው ሁሉ "ባሌ መካኒክ ነው" ስትል ዝም እያልኩ ዝምታዬ ዲፕሎማ ሆነልኝ። የዚያን ቅዳሜ ጋሽ መስፍን በሰው ፊት "ምነው መካኒኩ፣ ሞተሩ አላወቀህም እንዴ?" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ።

በተከታዩ ሐሙስ፣ እሳቸው ሥራ ላይ እያሉ፣ ጋራዣቸውን ከፍቼ ገባሁ። የበሩን ኮድ አውቀዋለሁ። የሞተሩን ክዳን አነሣሁ። ከላይ የሚዞር ከባድ ክብ ብረት አለ፣ ቮላኖ የሚባለው። እሱ ካልተነሣ ከሥሩ ያለው አይታይም። አልነቃነቅ ሲለኝ በመዶሻ መታሁት። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጠርዙ ተሰረጎደ። ደነገጥኩ። ክዳኑን መልሼ የማስነሻ ገመዱን ብጎትት ብጎትት፣ ጭራሽ ጭጭ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ካሳሁን እንግዳ መጥቶበት ጀልባውን አስፈቅዶ ወሰደ። አልነሣ አለው። ክዳኑን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ፣ መልሶ አመጣው። ጋሽ መስፍን የተሰረጎደውን ጠርዝ አዩ።

"መዶሻ ያሳረፍክበት አንተ ነህ።"

"እኔ አልነካሁም ጋሼ።"

"ታዲያ ማን ነካው፣ መልአክ?"

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሞተሩን አመጣሁት። ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ሙሉ ከኋላዬ ሆኖ አሮጌ ቤንዚን እየሸተተኝ መጣ። አሁን ጓሮ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ሼድ ውስጥ፣ ከጣውላ ላይ አስሬ አቁሜዋለሁ።


ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም።

ያየሁት፦ ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሱት ካንዴላዎች ሁለት ናቸው። አዲስ ቤንዚን ሰጥቼ ገመዱን ጎተትኩና አወጣኋቸው። ጥቁርና እርጥብ። እንግዲህ ቤንዚኑ ይደርሳል ማለት ነው። የማይደርሰው እሳቱ ነው። አዲስ ካንዴላ ገዝቼ ገጠምኩ። ጎተትኩ። ሃያ ጊዜ፣ ምናልባት ከዚያም በላይ።

"ገመዱ ትከሻህን ይገነጥለዋል እንጂ ሞተሩን አያስነሣልህም!" አለኝ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ።

ሚስተር ሮይ ናቸው፣ ጎረቤቴ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። አራት ዓመት ሰላምታ ብቻ ስንለዋወጥ ኖረን፣ ሠላሳ ዓመት ጀልባ ሲጠግኑ እንደኖሩ ዛሬ ነው የሰማሁት። ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ።

"ቤንዚኑን መጀመሪያ ከዚህ አርቅ። ሼዱን ልታቃጥለው ነው?"

አራቅሁ። ካንዴላውን አውልቄ፣ ከሽቦው ጋር እንዳለ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስደግፌ እንድጎትት አዘዙኝ። እሳት ካለ በካንዴላው ጫፍ ላይ ይታያል። ጎተትኩ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ምንም።

"ባትሪው የት ነው ያለው?" ብዬ ጠየቅኩ።

ሳቁ። "ባትሪ የለውም።"

"ታዲያ እሳቱ ከየት ይመጣል?"

ቮላኖውን በከዘራቸው ነካ አደረጉ። በውስጡ ማግኔት አለ አሉኝ። ከሥሩ ደግሞ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ማግኔቱ ሲዞር በሽቦው አጠገብ ያልፋል፣ እሳቱም ይወለዳል።

"ሳይነካካ?"

"ሳይነካካ። በማለፉ ብቻ።"

ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ይህን ዛሬ ሰማሁ። ስልኬን ሶኬት ላይ ስሰካ፣ መኪና ሳስነሣ፣ አንድ ቀን እንኳ ከየት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በዝምታ የሚያልፍ ብረት እሳት ያወጣል። ጌታ ሆይ፣ ይህን በፍጥረት ውስጥ ደብቀህ አስቀምጠህ፣ ሰው እስኪያገኘው ስንት ዘመን ጠበቅህ? እኔ ደግሞ በመዶሻ መታሁት።

ሚስተር ሮይ ሲሄዱ እንዲህ አሉ፦ "ቮላኖውን በመንቀያ ነው የምታነሣው። አንዳንዱ ጅል በመዶሻ ይመታዋል። ማግኔቱ ከተሰነጠቀ አለቀ። ይሄኛውን የመታው ሰው አለ እንዴ?"

"አላውቅም" አልኩ።

ለማያገባቸው ሰው፣ ምንም ለማያደርጉኝ ሰው፣ ዋሸሁ። አፌ ለምዶታል።


ረቡዕ

አትላንታ ያለችው ሳምሪ ስልክ ደወለች። መንቀያውን ኦንላይን ኦርደር አድርጋልኛለች፣ ነገ ይደርሳል።

"ዳድ፣ ይሄ ነገር ሲሪየስሊ ምንድነው? ጀልባ ልትገዛ ነው?"

"የአጎትሽ ነው። ልጠግነው ነው።"

"ኦኬ። ጣትህን እንዳትቆርጥ። አይ ሚን ኢት።"

አመሻሹ ላይ ለጸሎት ፕሮግራም ቸርች ሄድኩ። ከታች፣ ምግብ የሚበላበት አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥኩ። የሞተሩ ጠብ ሽምግልና የተደረገው እዚያ ነው፣ በእነዚያው ታጣፊ ወንበሮች ላይ። ጸሎቱ አልገባ አለኝ፣ የማየው ያንን ቀን ነበር።

ጋሽ መስፍንና ካሳሁን በተጣሉ ጊዜ ሦስት ሽማግሌዎች ይሁኑ ተባለ። ሁለቱ የቸርች ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስተኛው ማን ይሁን ሲባል፣ ሁለቱ ጠበኞች እኩል የተስማሙት በአንድ ሰው ብቻ ነበር። በእኔ። ጋሽ መስፍን የእህቴ ባል ነው አሉ። ካሳሁን ደግሞ "ጋሽ ታደለ ካለማ እቀበላለሁ" አለ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ተቀመጥኩ።

ጋሽ መስፍን የጠርዙን ፎቶ በስልክ አንሥተው ነበር። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ በሁለት ጣቴ አጎላሁት። የገዛ ምቴን አጎልቼ አየሁ፣ እንደማያውቅ ሰው።

አንደኛው ሽማግሌ "ልጄ፣ አልነካሁም ብትልም የተበላሸው በእጅህ ሳለ ነው። እሳቸው ታላቅህ ናቸው። አንዲት ይቅርታ በልና ይለቅ" አሉት። ሌላኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ለሰላም ሲባል" አልኩ እኔ።

ካሳሁን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተነሣና "አላደረግኩትም። ግን ለእናንተ ክብር ስል፣ ይቅርታ ጋሼ" ብሎ ጎንበስ አለ፣ የጋሽ መስፍንን ትከሻ ሳመ። ሁሉም ተመስገን አለ። በጸሎት የዘጋሁት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ አላስታውስም፣ ረጅም እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

ካሳሁን ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ወንዝ ወርዶ አያውቅም። ጋሽ መስፍን ለሰው "ዕቃ አታውሱት፣ እጁን አይሰበስብም" ይላሉ። አስካለ ስትሞት ግን ሳጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። በእኔ በኩል ነበር የያዘው።


ሐሙስ

መንቀያው ደረሰ። ሦስት ብሎን፣ በመሐል አንድ ትልቅ ብሎን። ብሎኑን ቀስ እያልኩ ሳጠብቅ "ቋ" አለ፣ ቮላኖውም እንደ ድስት ክዳን ብድግ አለልኝ። ትግል የለ፣ መዶሻ የለ። ትክክለኛውን ዕቃ ለያዘ ሰው ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

ገልብጬ በባትሪ መብራት አየሁት።

ማግኔቱ አልተሰነጠቀም።

ሦስት ጊዜ አዞርኩት፣ በጥፍሬ ዳሰስኩት። ደህና ነው። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚያስይዘው የጥፍር ያህል ብረትም ደህና ነው። ብሎኑን ወደ ማግኔቱ ባስጠጋው ከእጄ ነጥቆ ወሰደው። ስድስት ዓመት ማንም ሳያየው ጉልበቱን እንደያዘ ተቀምጧል። እኔ ስድስት ዓመት ጥርስ ሲያመኝ፣ ወገቤ ሲሰበር፣ እሱ ምንም አልሆነም።

ጠርዙ ላይ ያለው ስርጉድ ግን አለ። አውራ ጣቴ ልክ ይገባበታል።

ከሥር ያሉት ሁለት ትናንሽ ብረቶች፣ ፑንቲና የምንላቸው፣ እየተከፈቱ እየተዘጉ ለእሳቱ ሰዓቱን የሚጠብቁለት፣ አረንጓዴ ዝገት ይዘው ነበር። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጸዳኋቸው። መልሼ ገጠምኩ። ጎተትኩ።

ምንም።

ተቀመጥኩ። እውነቱን ልጻፍ፦ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። የማይድን ከሆነ እንደ ሞተ ይቀበራል፣ ነገሩም አብሮ። ከዚያ መደሰቴ አሳፈረኝ።


ዓርብ

ፊደሌ አያምርም፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ነው የምጽፈው።

ሚስተር ሮይ መጡና ከደጃፍ ሆነው "የማጥፊያውን ሽቦ ነቅለኸዋል?" አሉኝ።

"የቱን?"

"ሞተሩን ስታጠፋ የምትጫነውን ቀይ ቁልፍ። የእሱን ሽቦ።"

አልነቀልኩም። ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። "ከሁሉ በፊት እሱን ነበር ማየት። አርጅቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።"

እንዲህ ነው አሉኝ፦ ቁልፉ ሲጫን እሳቱን ከካንዴላው ነጥቆ ወደ ሞተሩ አካል ያፈስሰዋል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ሽቦው ተልጦ ብረት ከነካ ደግሞ፣ ማንም ሳይጫነው ሁልጊዜ እንደተጫነ ነው።

ነቀልኩት። በሩን ገርበብ አድርገን ሼዱን አጨለምነው። ካንዴላውን አስደግፌ ገመዱን ጎተትኩ።

ሰማያዊ።

ከስንዴ ቅንጣት አትበልጥም። "ጣ" ብላ ጠፋች። እንደገና ጎተትኩ፦ ጣ፣ ጣ። በጨለማው ውስጥ የሚስተር ሮይ ፊት ብልጭ እያለ ታየኝ። ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

"አይሰለችም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሠላሳ ዓመት አየሁት። አይሰለችም።"

እኔ ከባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። ሞቷል ስንለው፣ ለቆሻሻ መኪና ይውጣ ስንለው፣ እሳቱ በውስጡ ነበር። አንድም ቀን አልጠፋም። መውጫ ብቻ ነው ያጣው። "አቤት ጌታዬ" ብቻ ነው ያልኩት፣ እሱንም ደጋግሜ።

ሽቦውን ተከትለን አየነው። ከክዳኑ አፍ ሥር የሚያልፍበት ቦታ ላይ ልብሱ አልቆ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ሚስተር ሮይ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መረመሩት። "ክዳኑ በተዘጋ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ነክሶታል። የዓመታት ሥራ ነው። የማንም እጅ አይደለም።"

"መዶሻውስ?" አልኩ።

ስርጉዱን ዳሰሱት። "ይሄ? መልኩን አበላሸው እንጂ ምንም አላደረገውም። የመታው ጅል ዕድለኛ ነው።"

"ጅሉ እኔ ነኝ።"

ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርኩ። በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ ቀላል ነው፣ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላል።

ሚስተር ሮይ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው "ሁላችንም መትተናል" አሉ። አለቀ። ስለ ካሳሁን ምን ያውቃሉ?

የተላጠውን በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ሽቦውን ክዳኑ ከማይነክሰው ቦታ አዛወርኩ። እንደ ወንዝ እንዲሆንለት ትልቁን የቆሻሻ በርሜል ውሃ ሞልተን ሞተሩን ከአፉ ላይ አሰርነው። በአራተኛው ጉተታ ተነሣ! ውሃው ፈላ፣ ጭሱ ጓሮውን ሞላው፣ ሚስተር ሮይ በከዘራቸው አጥሩን እየደበደቡ ሳቁ። እኔም አለቀስኩ መሰለኝ። ጭሱ ነው እንበል።


ቅዳሜ

ለጋሽ መስፍን ደወልኩ። ሞተሩን አስነሥቼ ስልኩን አስጠጋሁላቸው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው ያደጉት፣ የጀልባ ድምፅ አንጀታቸውን ይበላዋል።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ሽቦ ነው ጋሼ። በጊዜ ብዛት ተልጦ። ማንም አላጠፋም።"

"አይ መካኒክ! አይ ታደለ! አስካለ ባየችህ!"

አሁን ነው፣ ብዬ አሰብኩ። አሁን ንገራቸው።

እሳቸው ቀጠሉ፦ "መዶሻውንማ ካሳሁን ነው ያሳረፈው። እሱንም ይቅርታ ብሎበታል፣ ተዘግቷል። እንዲያውም ጥራው። ሰኞ ሦስታችን እንውጣ፣ ከቤቱ ሳልለቅ አንድ ቀን።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ።

ልቤ እንዲህ ሲለኝ ዋለ፦ ሞተሩን የገደለው ሽቦው ነው። ሰዎቹ ሊገናኙ ነው። ያገናኘሃቸውም፣ የጠገንከውም አንተ ነህ። ምን ቀረ? እያለ እያለ አሳመነኝ። ሳር እያጨድኩ ሳለሁ አፌ መዝሙር ሲያንጎራጉር ራሴን ያዝኩት።

ከዚያ ለካሳሁን ደወልኩ።

"ጋሽ ታደለ! በሰላም ነው?"

ነገርኩት። ሽቦ ነው፣ ማንም አላጠፋም አልኩት። የአውቶቡሱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል፣ ፌርማታ ላይ ነበር።

"ጥሩ ዜና ነው" አለ። "እንግዲያውስ ይቅርታዬን ትመልሱልኛላችኋ!" ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እሱ ሳቁን አቆመ። እኔ ትንሽ ዘግይቼ አቆምኩ።

"እመጣለሁ። ሺፍት እቀይራለሁ" ብሎ ዘጋ።

ምን ቀረ ስል ነበር። የቀረው ካሳሁን ነው። የሽቦው መገኘት ሞተሩን ነፃ አወጣው፣ እኔንም በከፊል። መዶሻው ግን አሁንም በእሱ እጅ ነው ያለው። ያስያዝኩት እኔ ነኝ።


እሑድ

ዛሬ የጌታ እራት ነበር። ትሪው በመደዳው ሲመጣ አየሁት፣ ትናንሾቹ ጽዋዎች እየተንቀጠቀጡ። ስድስት ዓመት በየወሩ ወስጃለሁ። አንድም ጊዜ አላሳለፍኩትም፤ ባሳልፈው ሰው ምን ይላል ብዬ።

ዛሬ ለአጠገቤ ሰው አሳለፍኩት። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝ።

ፈራሁ፣ ግን ቅጣት ፈርቼ አይደለም። እንዴት ብዬ ልጻፈው? በሼዱ ጨለማ ውስጥ ያቺን ሰማያዊ ነገር ካየሁ ወዲህ የማይታየው ሁሉ ቅርብ መሰለኝ። በአጠገቤ እያለፈ ያለ ነገር እንዳለ፣ ሳይነካኝ እያለፈ፣ በውስጤ ደግሞ የሆነ ነገር እየቀሰቀሰ። እንዲህ እያሰብኩ ዝማሬው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተቀምጦ እኔ ብቻ ቆሜ ነበር።

ለነገ የፈራሁትን ልዘርዝር፦ ጋሽ መስፍን ዳግመኛ አይደውሉልኝም። ሳምሪ ትሰማለች። አስካለ "ባሌ" እያለች ስታወራው የነበረው ሰው ይጠፋል፣ በእሷ አፍ ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ቢሆንም። ሌላም ነበር፣ ስጽፈው አነሰብኝና ተውኩት።


ሰኞ

ፊደሉ እንዳይጠፋኝ ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ።

አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ተገናኘን። ጋሽ መስፍን ጀልባውን ጎትተው ቀድመው ደርሰዋል፣ ብርቱካናማ የዋና ጃኬት ለብሰው ልጅ መስለዋል። ካሳሁን መጣ። ተጨባበጡ፣ ተሳሳሙም፣ ግን እንደ ለቅሶ ቤት ሰላምታ ነበር። ሞተሩን አሰርነው። በሁለተኛው ጉተታ ተነሣ።

ፖቶማክን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በድልድይ ላይ በመኪና እያለፍኩ። ዛሬ እንዳላየሁት ገባኝ። ውሃው ሰፍቶ ሰፍቶ ሰማይ ጋ ሲደርስ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። አውሮፕላን ወደ ኤርፖርቱ ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ፣ ጥላው ጀልባችንን ዳብሶ ሄደ። ትልቅ ወፍ ከሰማይ እንደ ድንጋይ ወድቃ ዓሣ ይዛ ወጣች። ሦስታችንም በአንድ አፍ "እንዴ!" አልን። ለዚያች ቅጽበት የድሮዎቹ ነበርን።

ጋሽ መስፍን ደስ ብሏቸው በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኹ ወደ ካሳሁን ዞሩ። "በል ያለፈው አለፈ! መዶሻህን ግን እዚህ ወንዝ ውስጥ ጣላት!"

ካሳሁን ፈገግ አለ። እንዴት ያለ ፈገግታ መሰለህ፣ ዕዳውን ለምዶት የተሸከመ ሰው ፈገግታ።

"ያጥፉት ጋሼ" አልኩ።

"ምን?"

"ሞተሩን ያጥፉት።"

"ምነው፣ አመመህ?"

ጠፋ። ውሃው ጀልባውን መታ መታ ያደርገዋል።

"መዶሻው የእኔ ነው" አልኩ። "ካሳሁን ከመውሰዱ ከሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ ጋራዥ ገብቼ የመታሁት እኔ ነኝ። መካኒክም አይደለሁም። ጎሚስታ ነበርኩ።"

ጋሽ መስፍን ቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ።

"አንተ ሽማግሌ ሆነህ አልተቀመጥክም እንዴ?"

"ተቀምጫለሁ።"

"ጸሎቱን ያሳረገው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ወደ ካሳሁን ዞርኩና ተንበረከክሁ። የጀልባው ወለል እርጥብ ነው፣ ሱሪዬ በረደኝ። "ይቅር በለኝ" ብዬ ወደ እግሩ ጎንበስ ስል ጀልባው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ።

"ኧረ ይነሡ ጋሽ ታደለ! ሦስታችንንም ሊያሰምጡን ነው?" ብሎ ብብቴን ይዞ አነሣኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "እርስዎ እንደሆኑ አውቅ ነበር።"

"እንዴት?"

"የጋራዡን ኮድ የምናውቀው ሦስታችን ነን። ጋሼ ራሳቸው አይመቱትም፣ እኔ አልመታሁም። ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ስልኩን ሲያዩ ጣትዎ ከስርጉዱ ላይ አልነሣ ሲል አየሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ዛሬ ወይም ነገ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ነበር" አለ። "እትዬ አስካለ ታመው ነበር ያኔ። በእሳቸው ላይ እፍረት አልጨምርም አልኩ። ካረፉ በኋላ ደግሞ፣ እኔ ካወጣሁት ንስሐው የእርስዎ አይሆንም ብዬ ተውኩት።"

ሳጥኑን በእኔ በኩል የያዘ ሰው ሁሉን እያወቀ ነበር የያዘው። ይህን የሚሸከም ልብ በየትኛው አውቶቡስ ላይ እየዞረ እንደሚውል የሚያውቅ የለም። ከሼዱ እሳት ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

ጋሽ መስፍን ሞተሩን አስነሥተው ወደ ዳር መለሱን። ጀልባውን ስናወጣ፣ ለእኔ ጀርባ ሰጥተው፣ "አስካለ ታውቅ ነበር?" አሉ።

"አታውቅም።"

"እሺ።" ከዚያ ወደ ካሳሁን ሄደው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ለረጅም ጊዜ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፣ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ለእኔ ግን ሰላምታም ሳይሰጡኝ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

እስካሁን አልደወሉም። ይደውሉ አይደውሉ አላውቅም። ስልኩን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ ወደ ቤት አልገባሁም። መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ለሁለቱ ሽማግሌዎች በየተራ ደወልኩላቸው። አንደኛው መንገድ ላይ ነበሩ፣ ቆመው ሰሙኝ። ሌላኛው "አሁን ምን አመጣው ወንድሜ?" አሉ። ለሁለቱም በአማርኛ፣ አንድም ቃል ሳልቀይር፣ ይህንኑ ነው ያልኳቸው፦ ያን ቀን ይቅርታ ያስባልነው ሰው ንጹሕ ነው፣ መዶሻውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ይህንን በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ እንድናገር ቦታ ስጡኝ።